የኋላ ጎማዬን ማን ያስተነፍሰዋል?

ጎማ በራሱ ጊዜ አይተነፍስም። ማክሰኞ ጠዋት የብስክሌቴን የኋላ ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ በሰለ ሙዝ ስርጉድ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ነካው?» ይል ነበር። እኔ ግን «ማን ነካው?» ነው ያልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ድንገት ተነስቼ የዋህ ልሆን አልችልም።

ሰኞ ማታ በገዛ እጄ ነፍቼዋለሁ። ያውም ትከሻዬ እስኪዝል፣ ጎማው በጥፍር ሲመታ ጠንግ እስኪል። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ካለው የውሃ ቧንቧ አጠገብ፣ ከብረቱ ምሰሶ ጋር አስሬው ተኛሁ። አስሬው ስል በሲባጎ አይደለም። ባለፈው ወር አንዱ ሌባ ደወሌን ፈትቶ ከወሰደብኝ በኋላ፣ በሬ ቢታሰርበት የማይበጠስ ሰንሰለትና የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ገዝቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ታዲያ ሰንሰለቱ እንዳለ ነው፤ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነው። የጎማው ነፍስ ብቻ ናት የሌለችው።

«አባዬ፣ ሰው ነክቶብኛል» አልኩት።

አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህችው ብስክሌት ደብዳቤ ያደለ ሰው ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ብስክሌቷን ለኔ ሰጠኝ፤ ምክሩን ግን ሳልጠይቀው መረቀልኝ። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ሦስት ነገር፣ ይላል፤ ጎማውን በአውራ ጣት፣ ፍሬኑን በጭብጥ፣ ካቴናውን በጆሮ። ፍሬኑን ስትጨብጪው እጀታው መሪውን ከነካ ሽቦው ላልቷል፤ ይጥበቅ። ፔዳሉን ወደኋላ ስታሽከረክሪው ካቴናው ካቃሰተ ዘይት ጠምቶታል፤ ጠብ ጠብ አድርጊለትና ትርፉን በጨርቅ ጥረጊው፣ አለበለዚያ የመንገዱን አቧራ በሙሉ ለቅሞ ይመጣል። ሦስቱንም አደርጋለሁ። የአባዬ ምክር ውስጥ ግን ተደብቆ ስለሚያስተነፍስ ሰው የሚል አራተኛ የለም።

«ምስማር ይሆናል» አለኝ ሻዩን እፍ እያለ።

«ምስማር ቢሆን ተሰክቶ ይገኝ ነበር።»

«ለመሆኑ ፈልገሻል?»

«ምን ጊዜ አለኝ! በሩ ሊዘጋብኝ ነው እኮ!»

ነፍቼ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቸርኬው ከአስፋልቱ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረ። መንፊያዬን ስላልያዝኩ የቀረውን እየገፋሁ ሄድኩ። ስደርስ በሩ ተዘግቷል።

ይህ በር ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። የምሠራው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ነው። ሥራዬ ክር መልቀም ነው፤ ሸሚዙ ተሰፍቶ ሲያልቅ የተንጠለጠለውን ጫፍ ሁሉ እየፈለጉ መቁረጥ። ይህም ሥራ ይባላል እንግዲህ። መስኮቱ ሥር ያለው የስፌት ማሽን ግን ባለቤቱ አግብታ ከሄደች ጀምሮ ባዶውን ነው። ኃላፊያችን አንገታቸው ላይ መቀስ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ በሌሉበት እትዬ መቀስ እንላቸዋለን፤ ባሉበት እትዬ ብቻ። እሳቸው ሁለታችንን ክር ለቃሚዎች ጠርተው እንዲህ አሉን፤ «እጃችሁ እኩል ነው። እግራችሁን ልይ። ሁለት ሳምንት ትፈተናላችሁ፣ ጥቂት ቀን ያረፈደች ማሽኑ ላይ ትቀመጣለች።» በሩ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ያረፈደች እስከ አራት ሰዓት ውጭ ቆማ መንገደኛ ትቆጥራለች።

ይህን ወሬ ቤት ይዤ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ እልል ሲል ፊቱ ያልፈካው አባዬ ብቻ ነበር።

ሁለተኛዋ ክር ለቃሚ ቀጭኔ ናት። ስሟ አይደለም፤ ቁመቷ ነው። እኔን ደግሞ ድንቢጥ ትለኛለች፤ እሱም ቁመቴ ነው። የምትኖረው እኛው ግቢ ውስጥ፣ ከቧንቧው ማዶ ባለው ክፍል ነው። ሥራ የምትሄደው በእግሯ ነው፤ ያን እግር ይዛ ብስክሌት ምን ያደርግላታል! በመጀመሪያው ሳምንት ጥርሷን አሟት አንድ ቀን አርፍዳለች። ማክሰኞ እኔ ሳረፍድ አንድ ለአንድ ሆንን። እስቲ አስቡት፤ ጎማዬ ለስንት ወር ደህና ከርሞ፣ ልክ እኔ ልበልጥ ስል ተነፈሰ። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው ካለ እሱንም እጠረጥረዋለሁ።

ረቡዕ መንፊያውን ብስክሌቱ ላይ አስሬ፣ ሁለት ቦታ ቆሜ እየነፋሁ በሰዓቱ ደረስኩ። የስፌት ቤቱ አጥር ጋ አቁሜ ሰንሰለቱን ከወትሮው አንድ ዙር ጨምሬ አሰርኩት። ማታ ስወጣ ግን ጎማው ግማሽ ወርዷል። ወደ ዘበኛው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብስክሌቴ አጠገብ ማን ደረሰ?»

«ድመት።»

«የማን ድመት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ መታወቂያ አልጠየቅኳት።»

«ሰውስ?»

ጋሼ ጢማቸውን አሻሹ። «ያቺ ረጅሟ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ነበር።»

በቃ። ከዚህ በኋላ ዓይኔ ከቀጭኔ ላይ አልተነሳም። መሳቋ አጠራጠረኝ። ዝም ማለቷም አጠራጠረኝ። ማታ ግቢ ውስጥ «ደህና እደሪ» ስትለኝ፣ ምን አስባ ነው ደህና እንዳድር የፈለገችው አልኩ።

ሐሙስ ሊነጋ ሲል ተነስቼ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ብዙም አልቆየሁ፣ ቀጭኔ ጄሪካኗን ይዛ ብቅ አለች። ሞላች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ብስክሌቴ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። ጎንበስ አለች! ጄሪካኑ ጋርዶኝ እጇ የት እንደገባ ማየት አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ እስክወጣ ቀና ብላ ገብታ ዘግታለች። ወደ ጎማው ሮጥኩ። ጫን አደረግኩት። ሙዝ።

ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰፊዎቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው እየበሉ፣ ፊቷ ሄጄ ቆምኩ። እሷ ተቀምጣ እኔ ቆሜ እኩል ነን።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«ለምን? መዳፍ ታነቢያለሽ?»

«የኋላ ጎማዬን የሚያስተነፍሰውን እጅ ማየት አምሮኝ ነው።»

ሰፊዎቹ ጉርሻቸውን እንደያዙ ዞሩ። ቀጭኔ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ እንዳልቀለድኩ ገባት።

«እኔ ነኝ የማስተነፍሰው?»

«ዛሬ ጠዋት ብስክሌቴ አጠገብ ጎንበስ ብለሽ ምን ትሠሪ ነበር? ግራ ቀኝ እያየሽ!»

«ጄሪካን አስቀምጬ እጅ ስለውጥ ነዋ! ሃያ ሊትር በጥርሴ ልያዘው? ግራ ቀኝ ያየሁት ደግሞ የጠዋት ቀሚሴ ቀዳዳ ስለሆነ ነው፤ ይኸው ሰው ሁሉ ይወቅልኝ!»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን አልለቀቅኳትም። «ማሽኑን ፈልገሽ ነው። በእግርሽ አልበልጥሽ ስትይ በጎማዬ መጣሽ።»

እትዬ መቀስ መቀሳቸውን ጨብጠው ብቅ አሉ። «ምንድን ነው ይሄ? አይተሻታል?»

«ጎንበስ ስትል አይቻለሁ።»

«ስታስተነፍስ አይተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ራሴን ግራ ቀኝ ነቀነቅኩ።

«ያላየሽውን አታውሪ» አሉኝ። ደግሞ ወደ ቀጭኔ ዞሩና፣ «አንቺም ከሷ ብስክሌት ራቂ» አሏት።

ይቺ የመጨረሻዋ አነጋገር ናት ቀጭኔን ያቃጠለቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አላወጣችውም። «እሺ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ከነገ ጀምሮ ይቺ ሳትገባ እኔ በዚህ በር አልገባም። ቆሜ እጠብቃታለሁ። እጄን እያየች ትቆልፍ፣ እጄን እያየች ትግባ። ከዚያ ከኋላዋ እገባለሁ።»

ማስመሰል ናት አልኩ በሆዴ። አርብ ጠዋት ግን ስደርስ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ እጇን እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ አንስታ። ሰፊዎቹ እየሳቁ በመካከላችን ያልፋሉ። እሷ ግን አትስቅም። ብስክሌቱን አጥሩ ጋ እስካስር እጇን አላወረደችም። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሰንሰለቱን በሽቦዎቹ መሀል አሾልኬ፣ ቸርኬው ላይ ሦስቴ ጠምጥሜ፣ ከአጥሩ ጋር አጥብቄ ቆለፍኩ። ማታ ጎማው ያው ወርዷል። ቀጭኔ ቀኑን ሙሉ ከጎኔ አልተነሳችም። ታዲያ ሰው አዝዛ ይሆናል አልኩ። ጥርጣሬ እንደ እርሾ ነው፤ ትንሿ ብዙ ሊጥ ታነሳለች።

የቀረችው ቅዳሜ ብቻ ናት። አንድ ለአንድ ነን። አርብ ማታ ብስክሌቷን ገፍቼ ቤት አስገባኋት። አባዬ «የት ልንረግጥ ነው?» አለ፤ ክፍላችን ሁለት አልጋና አንድ ጠረጴዛ ነች። «በአየር ላይ» አልኩት። በሩን ቀረቀርኩ፤ ጎማውን ነፋሁ፤ ለማንኛውም ብዬ ደግሞ ከአልጋዬ እግር ጋር በሰንሰለቱ ጠፍሬ ቆለፍኩ። ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። አሁን እናያለን!

አየን። ቅዳሜ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ጎማው ወለሉ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተነጥፏል።

በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያደርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዷን በደንብ አውቃታለሁ። ቀስ ብዬ ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። አባዬ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነው።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ግጥም አለልኝ። ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ሳቋርጥ ሳምንት ሙሉ ያላናገረኝ ማን ነው? ባለፈው እሁድ «ማሽኑ ላይ ከተቀመጥሽማ ደብተር የሚባል ነገር ዳግመኛ አትነኪም» ያለውስ? ማሽኑ ለቀጭኔ ቢሆን ደስ የሚለው ማን ነው? ጎማ ማስተንፈስ ከማንም በላይ የሚያውቀውስ?

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለ አባዬ።

«ምንም።»

«እኔን ነው?»

ዓይኔን ወደ ጎማው መለስኩ። ይህም መልስ ሆነ። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። እሱ ነው የባሰኝ።

«ዝናብ ሲያረጥበኝ ይቺን ብስክሌት በኮቴ የሸፈንኩ ሰው ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እንድትማሪ እፈልጋለሁ። አልደብቅሽም። ግን ሰው እንዲማርለት የሚፈልገውን ልጅ መንገድ ላይ አይጥልም። ሳፋውን አምጪ።»

«አባዬ፣ ሰዓቱ…»

«ሳፋውን!»

ውሃ ሞላሁ። ጎማውን ከብስክሌቱ ፈታን። አባዬ በሹካ ወይም በብሎን መፍቻ አይነካም፣ ካላማዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ይወጋዋል ይላል፤ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጭራ ጎማውን ፈልቅቆ ካላማዳሪውን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣ። ትንሽ ነፋውና ውሃው ውስጥ እየነከረ ማዞር ጀመረ። አንድ ክንድ፤ ምንም። ሁለተኛ ክንድ፤ ምንም። ቫልቩ ጋ ሲደርስ፣ ልክ ላስቲኩና ብረቱ የሚገናኙበት ሥር ላይ፣ ጥቃቅን አረፋ ተሰልፎ ብልጭ ብልጭ አለ።

«ማን ቀደደው?» አልኩ ቶሎ ብዬ።

አባዬ ካላማዳሪውን ለቆ ባዶውን ጎማ ወደኔ አንከባለለው። «እንዴት እንደምታስሪ አሳዪኝ።»

አሳየሁት። ሰንሰለቱን በሽቦዎቹ መሀል አስገባሁ፤ ቸርኬውን አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ከዚያ እግሬን ተክዬ ባለኝ ኃይል ጎተትኩት። የመጨረሻው የብረት ቀለበት ቫልቩ የሚወጣባት ቀዳዳ ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ። እኔና አባዬ እኩል አየነው።

አባዬ ቀለበቱን በጣቱ ነካ።

«ጠዋትስ ስትፈቺው?»

«መንጭቄ ነው የማወጣው። ስለምቸኩል ነዋ።»

«ሌላ ሰው ሲጨመርበትስ? ማለቴ ሌላ ሰው ስትጠረጥሪ?»

«አንድ ዙር እጨምራለሁ።»

አባዬ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አቃተው። እኔ ግን አልሳቅኩም። የዚያን ጊዜ የታየኝ ጎማው አልነበረም። ግቢው መሀል «ከሷ ብስክሌት ራቂ» ስትባል የቀጭኔ ፊት ነበር።

«ቫልቭ ሥር የተቀደደ አይለጠፍም፤ ማስቲሽም አይይዘውም» አለና ከአልጋው ሥር ሦስት ቦታ የተለጠፈ አሮጌ ካላማዳሪ አወጣ። እኔ ልሰክ ስል እጄን መታኝ። «መጀመሪያ የጎማውን ሆድ በጣትሽ ዳስሺ፤ ሾህ ቢቀር አዲሱንም ይበላዋል። አሁን ትንሽ ንፊው፣ እንዳይጣጠፍ። ቫልቩ ቀጥ ይበል፣ ካዘመመ ነገ እዚሁ ነን። ወዴት ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!» እሱ በተናገረ ቁጥር ሰዓቱም ይናገራል። ልወጣ ስል የተቀደደውን ካላማዳሪ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። «ይህን ለልጅቷ ታሳያለሽ።»

መንገዱን እንዴት እንደነዳሁት እኔ አውቃለሁ። ጎማው እንደ ድንጋይ ነው፤ ብስክሌቷ እንደ አዲስ ትሄዳለች። ልቤ ግን አብሯት አይሄድም። ቀጭኔ ይኼኔ ገብታለች። ከገባች ደግሞ ማሽኑ የሷ ነው፤ ታዲያ ምን ብዬ ነው ካላማዳሪ እያውለበለብኩ የምዋረደው? ከድልድዩ ሥር ያለው ቦይ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። አንድ ጊዜ ብወረውረው አባዬና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ቦርሳውን ከፈትኩ። ዘጋሁ። ከኋላዬ መኪና ጥሩንባ ነፋብኝና ነዳሁ።

ስደርስ ከአንድ ሰዓት ተኩል አሥር ደቂቃ አልፏል። በሩ ተዘግቷል። ቀጭኔ በሩ ፊት ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ።

«አልገባሽም?»

«አንቺ ሳትገቢ አልገባም አላልኩም?»

«ማሽኑስ?»

«እሱን ፈልገሽ ነው አላልሽኝም? እይው፤ ያው እጄ።» ጣቶቿ በብርዱ ገርጥተዋል።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እንኳ፣ ምን አስባ ይሆን አልኩ። ለሰው አሳዛኝ ለመምሰል? ግን በመንገዱ ላይ ከኔ ሌላ የሚያያት ሰው አልነበረም።

በበሩ ላይ ያለችው ትንሿ መስኮት ተከፈተችና የእትዬ መቀስ ዓይኖች ታዩ። «ሁለታችሁም? በመጨረሻው ቀን? እንግዲህ አንድ ለአንድ የነበራችሁት ሁለት ለሁለት ሆናችኋል። ዕጣ አወጣለሁ።»

ዕጣ! ግማሽ ማሽን እጄ ገባ። ማድረግ ያለብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው፤ በሕይወቴ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እትዬ፣ እሷ አላረፈደችም» አልኩ።

«ምን?»

«ቀድማ መጥታ ነው የቆመችው። ጋሼን ይጠይቋቸው።»

ጋሼ ከውስጥ አሉ፤ «ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ እዚሁ ናት። ግቢ ብላት፣ ያቺ አጭሯ ሳትመጣ አልገባም አለች።»

«ጎማውን ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ» ብዬ ካላማዳሪውን በመስኮቷ አሾለክሁት። «ሰንሰለቱን ቫልቩ ላይ እያጠበቅኩ። እሷ እንዳትነካው ብዬ ባጠበቅኩ ቁጥር እኔው እየቀደድኩት።»

ከበሩ ማዶ ካላማዳሪው ሲገላበጥ ይሰማል። ከዚያ ትልቁ መቀርቀሪያ ተንኳኳና በሩ ገርበብ አለ።

«አንቺ ረጅሟ፣ ግቢ። ማሽኑ ያንቺ ነው» አሉ እትዬ። «አንቺ እስከ አራት ሰዓት እዚያው።»

ቀጭኔ አልተንቀሳቀሰችም። እጇን አውርዳ ቁልቁል ታየኛለች። «ይቅርታ የሚባል ነገር አልሰማሁም።»

«ነገርኳቸው እኮ!»

«ለሳቸው ነው የነገርሽው።»

አስፋልቱን አየሁ። «ይቅርታ ቀጭኔ።»

«ስሜ ቀጭኔ ነው?»

«ይቅርታ ብያለሁ፤ ቁመትሽን ደግሞ እኔ አልሰጠሁሽም።»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ሲል ጨረፍ አድርጌ አየሁ፤ ይዛው ገባች። በሩ ተዘጋ።

ከብስክሌቷ አጠገብ የድንጋዩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ያለበት መስኮት ከበላዬ ነው። ትር አለ፤ ቀጥ። ትር ር፤ ቀጥ። ከዚያ የቀጭኔ ረጅም አንገት በመስኮቱ ወጣ።

«ድንቢጥ! ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ!»

አየኋት። እውነት ተበጥሶባት ነው ወይስ እያሾፈችብኝ? ፊቷን አገላብጬ ባነበውም አልተገለጠልኝም።

«የላይኛዋን የክር ማጠንጠኛ ላላ አድርጊያት!» ብዬ ጮህኩ። «አንቀሻት ነው!»

አንገቷ ተመልሶ ገባ። ትንሽ ቆየና ማሽኑ ትር ር ር ር አለ፤ ሳይቋረጥ ሄደ።